ጉርሙ ያልነከሰው ገብስ

ሳጉሬ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጃችን ለፈናን፣

የጌታ ሰላም ያ ዝናብ የማያባራበት አገር ድረስ መጥቶ ያግኝሽ። እኛ ክብር ለስሙ ይሁን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ገብሱም መታጨድ ጀምሯል።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ እንዳላወራሽ ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ጓዳ ያስነጠሰውን በረንዳ ላይ ሆነው ይማርህ ይሉታል። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ለጎረቤታችን ለሱቋ ሳምራ እሰጣታለሁ፤ እሷ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንዲት ቃል አላነብም ብላ ምላልኛለች። እስቲ እናያለን።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። አጎትሽ ጉርሙ ደከም ብሎታል። ዕድሜ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም። ምግብ ቀንሷል፤ እንቅልፉም ዶሮ ሳይጮህ ጥሎት ይሄዳል። እዚያ ጥሩ ቫይታሚን አለ ይባላልና ለሚመጣ ሰው ብትሰጪልን። የቸገረኝ የገብሱ ጊዜ መሆኑ ነው። ጉርሙ ያልነከሰው ገብስ አይጫንም እንደሚባል መቼም አልረሳሽም። አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ "ደርቋል፣ ጫን" ወይም "ሁለት ቀን ፀሐይ ስጠው" ይላል፤ የብቅል ፋብሪካው ሰዎች በማሽናቸው ሲለኩት ያው ይሆናል። ዘንድሮ ግን ሰዉ ናሙናውን ይዞ ደጃችን ይቆማል፤ እሱ ፍሬውን መዳፉ ላይ አድርጎ ያየውና መልሶ ጆንያው ውስጥ ይጥለዋል። "እኔ ምን አውቃለሁ" ይላል። እኔም ለሰዉ ጥርሱን አሞታል እላለሁ።

ብቻ እንዳትደውዪ።

እናቴ ብትዪኝ ደስ የሚለኝ፣ ተስፋነሽ

*

በርገን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ተስፋነሽ፣

ጉልበትዎን ስሜ፣ ጤናና ዕድሜ ለምኜልዎት ልጀምር። ቫይታሚን አልልክም። ይቆጡኝ፤ ችያለሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ "አይጥ እጠብቃለሁ" ብልዎት "ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?" ብለው የሳቁት ትዝ ይልዎታል? አይጦቹን የምጠብቀው ድባቴ የሚባለው ሕመም አንጎል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። ለእያንዳንዷ ሁለት ጠርሙስ ውኃ እንሰጣታለን፤ አንዱ ተራ፣ አንዱ ስኳር ያለበት። ጤነኛዋ ወደ ስኳሩ ትሮጣለች። ለሳምንታት የተጨነቀችው ግን ሁለቱም አንድ ይሆኑባታል። ምላሷ ጣፋጩን ሳይለይ ቀርቶ አይደለም፤ የሚያጓጓት ነገር ጠፍቶ ነው። የጋሼን ገብስ ሳነብ ያቺ አይጥ ትዝ አለችኝ።

በእንቁጣጣሽ ደውዬ "ደህና ነኝ" ሲሉኝ አመንኳቸው። አይጥ ስትከፋ የምለይ ሰው አጎቴን አልለየሁም። አባቴ የሞተ ጊዜ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። መዝጋቢው "ሴት ናት፣ ቤት ትርዳ" ሲል አልተከራከሩም። "ስሟን ጻፍ" ብቻ ነው ያሉት።

መቼ ነው የጀመራቸው? ሐኪም አይቷቸዋል? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ፈናን

*

ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈናን፣

ጌታ ይባርክሽ፤ ታላቅን ማክበር ባትችዪበትም ይባርክሽ።

አምስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። ባሌን አይጥ አልሽው! ሳምራ ደግሞ "አይጥ አላለቻቸውም እኮ፣ አይጥ ትዝ አለችኝ ነው ያለችው" አለችኝ። አላነብም ብላ የማለችው ሳምራ ማለት ነው።

በይ እውነቱን ስሚ። በሐምሌ መጨረሻ አሰላ ወስጄው ነበር፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ከምመራቸው መዘምራን አንዷ ታየኛለች ብዬ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው የገባሁት። ካርድ ክፍል ስም ሲጠይቁኝ "ገብረ መድህን" አልኩ፤ የሟች ወንድሜን ስም። ጉርሙ ዞር ብሎ አየኝ። ነርሱ ድባቴ ነው አለ። ኪኒን ሰጠንና "ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል፤ እንዳታቋርጡ" አለን።

በጀመረ በዘጠነኛው ቀን የጸሎት ሳምንታችን ነበር። አጎትሽ ማይክ ይዞ "ጌታ ፈውሶኛል" ብሎ መሰከረ። ሕዝቡ እልል አለ፤ መጋቢ ኃይለየሱስ አቅፎት አለቀሰ። ምስክርነት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ያደግሽበት ነሽ። ተፈውሻለሁ ካሉ በኋላ ኪኒን መዋጥ ጌታን ውሸታም ማድረግ ነው። መድኃኒቱ ቀረ። ለሦስት ሳምንት ያህል ፈገግ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አሁን ሳምራ ስልኳ ላይ አንድ ነገር አሳየችኝ። አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ አዲስ መድኃኒት፤ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል ይላሉ። እሱን ላኪልኝ፤ እኔው በጓዳ እነፋለታለሁ። ማንም አያይም፤ ምስክርነቱም አይበላሽም።

ተስፋነሽ

*

በርገን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ተስፋነሽ፣

በረከትዎ አይለየኝ። ግን ልጠይቅዎት፦ ማዳን የፈለጉት ምስክርነቱን ነው ወይስ ጋሼን?

ያዩት መድኃኒት እውነት ነው፤ ጓዳ ውስጥ የሚነፋ ግን አይደለም። ታማሚው ሐኪም ፊት ይወስደዋል፤ ግፊቱ እየተለካ፣ ራሱን እስኪያውቅ ለሁለት ሰዓት ይጠበቃል። በሻንጣ ብልክልዎት ልገድላቸው እችላለሁ።

እኛ የምናጠናው እናቱን ነው፤ ኬታሚን ትባላለች። የአንጎል ሴል ቅርንጫፍ አለው፤ ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ቀጋ እሾህ ያሉ ጥቃቅን ጉጦች አሉ። ሴሎች የሚነጋገሩት በእነሱ በኩል ነው። ጭንቀት ሲጸና በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ጉጦቹ ይረግፋሉ። ኬታሚኑን በትንሹ የሰጠናትን አይጥ አንጎል ግን በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ ከረገፉት አንዳንዶቹ እዚያው ቦታቸው ላይ አቆጥቁጠው አገኘሁ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ውስጥም እንዲሁ መሆኑን ገና እያጠናን ነው፤ ሁሉንም ሰውም አይረዳም። ግን እትዬ፣ የጋሼ ሕመም የእምነት ጉድለት አይደለም። እሾሁ የረገፈበትን ቁጥቋጦ ማን ይቆጣዋል?

ኬታሚን ደግሞ ለቀዶ ጥገና ማደንዘዣ ሆኖ እኛም አገር ከድሮ ጀምሮ የሚሠራበት ነው። የአእምሮ ሐኪምና የማደንዘዣ ባለሙያ አብረው ሊወስኑበት ይችላሉ። ስለዚህ መንገዱ በአሰላ በኩል ነው፤ በእኔ ሻንጣ አይደለም።

አንድ ነገር ይጠይቋቸው፤ ፊት ለፊት፣ ሳይሸፋፍኑ። መሞት ያስባሉ ወይ ብለው። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጣቸውም። እባክዎን።

ፈናን

*

ሳጉሬ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈናን፣

ጠየቅኩት። አዎ አለ።

በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ጉርሙ፣ መሞት ያሰኝሃል?" አልኩት። "ማን ነገረሽ?" አለኝና አለቀሰ። አባቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በጥቅምት ጎተራው ውስጥ የላሚቱን ገመድ መሆን በሌለበት ቦታ አገኘሁት። አውርጄ ደበቅኩት፤ አልጠየቅኩትም። እሱም ገመዱ የት ሄደ አላለኝም። ሳጥኔ ውስጥ ከመዘምራን ልብሴ ሥር ነው ያለው። ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ልብሴን ከላዩ እያነሳሁ ሄጄ ዘምሬያለሁ።

የአረም መድኃኒቱን ሳምራ ወስዳ ሱቋ ውስጥ ቆልፋበታለች። ገመዱንም ሰጠኋት። አሰላ ልንሄድ ሚኒባስ እየጠበቅን ነው፤ ሳምራም ሱቋን ዘግታ አብራን ናት። አሁን ደውዪ።

*

በርገን፣ የዚያኑ ቀን

እትዬዬ፣

ስልኩን እንደዘጋን ነው የምጽፈው። ጋሼ "አስቸገርኩሽ፣ ልጄ" አሉኝ። እኔን! ብቻቸውን እንዳይተዉአቸው፤ ሽንት ቤት ሲሄዱም በሩ ላይ ይቁሙ። ለሐኪሙ ገመዱን ይንገሩት፤ ኪኒኑ መቋረጡንም ይንገሩት። ዛሬ የሚያሳፍር ነገር የለም። በዚህ በኩል ጌታን እየለመንኩ ነው፤ አይጦቼ ይመስክሩ።

ፈናን

*

ሳጉሬ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈናን፣

ከሞት አፋፍ የሚመልስ አምላክ አንቺንም ከክፉ ይጠብቅሽ። ትናንት ቤታችን ገባን።

አሰላ አንድ ቀን አሳድረው ወደ አዲስ አበባ ላኩን። ሪፈሩ ግን በዚያው በአሮጌው ካርድ ስም ተጽፎ ኖሮ፣ የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር ጁወይሪያ በር ላይ ወጥታ "አቶ ገብረ መድህን!" ብትል ማን አቤት ይበላት? ጉርሙ ቁጭ ብሎ ያያታል። "ሟች ነው" አላት በመጨረሻ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ግን ሳቀች፤ ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። አስተኙት። ያንቺን ኬታሚን ራሷ አነሳችው። "ለዚህ ሕመም እኛ ጋ ገና የተለመደ አይደለም፤ ግን አጣዳፊ ነው። ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ሆነን እንሞክረው፤ እርስዎ ከተስማሙ" አለችው፤ ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ። ፈረመ።

እንደ ጉሉኮስ በደም ሥሩ ቀስ እያለ፣ አርባ ደቂቃ ያህል ሆነ። ግፊቱን ሲለኩ ሲለኩ ነበር። ሲያበቃ "ራሴን ራቅ ብዬ አየሁት፤ ሰውየው ያሳዝናል" አለ። በዚያ ቀን ሌላ ለውጥ አላየሁም፤ ተስፋዬን ቆረጥኩ። በማግስቱ ሻይ ይዤለት ስገባ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። "ተስፋነሽ፣ ላሚቱ ምን ወለደች?" አለኝ። ከወለደች ሁለት ወር ሊሆናት ነው እኮ! አንድም ቀን አልጠየቀም ነበር። "ጊደር" አልኩት። "ጎሽ" አለ። ኮሪደር ወጥቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ፤ አለዚያ ሆስፒታሉን በእልልታ እበጠብጠው ነበር።

ሁለቴ ደግመውለት አንድ ሳምንት ካስተኙት በኋላ ለቀቁን። ኪኒንም አዲስ ሰጡን። ስንመለስ ሚኒባሱ ወንበር ሥር የሰው ገብስ ተበትኗል። ጉርሙ ጎንበስ ብሎ አንዲት ፍሬ አነሳ፤ በጥርሱ ሰበራት። እያኘከ "ይሄን የጫነ ሰው ዛሬውኑ ይመለስበታል" አለ። ረዳቱ ዞር ብሎ "የእኔው ነው አባባ!" ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ ወደ መስኮት ዞርኩ።

ተስፋነሽ

*

በርገን፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ተስፋነሽ፣

ለጊደሯም ለባለቤቷም ረጅም ዕድሜ! ደብዳቤዎን ሳነብ ጮኼ አይጦቹን በሙሉ ቀሰቀስኳቸው።

አሁን ግን ቀዝቃዛ ውኃ ላፍስብዎት። ቶሎ የመጣ ቶሎ ሊሄድ ይችላል። ይሄ መድኃኒት ለብዙ ሰው በር ይከፍታል እንጂ በሩን ይዞ አይቆምም፤ የሚይዘው ኪኒኑ ነው፣ ክትትሉ ነው፣ ማውራቱ ነው። ተመልሶ ቢከፋቸው ዕለቱኑ ለዶክተሯ ይደውሉላት፤ አለቀ ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

እና እባክዎን፣ በወንድምዎ ነፍስ ልለምንዎት፣ ማይክ አይስጧቸው!

ፈናን

*

ሳጉሬ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈናን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እኛ ጋ ጠፍቷል።

አንቺ ያልሽው ደረሰ። ዘጠኝ ቀን ሰው ሆኖ ከረመ፤ በአሥረኛው ወደ ግድግዳው ዞረ። ደወልኩላት፤ ዶክተሯ "ኪኒኑን እየዋጠ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ አልጋውን ሳነጥፍ ባርኔጣው ገበር ውስጥ ኪኒኖቹን አገኘኋቸው፤ አንድም ሳይጎድል። ሰማይ ተደፋብኝ። ምነው ጉርሙ ብለው "ሕዝብ ፊት ቆሜ ተፈውሻለሁ ብያለሁ። ሐሰተኛ ምስክር ሆኜ አልሞትም" አለኝ።

ፈናን፣ "ማይክ አይስጧቸው" ስትዪኝ ነገሩን ማን ነግሯት ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ማይኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ መቆም አልፈለገም። "ትንሽ ይቆይ፣ ገና አላወቅሁትም" ብሎኝ ነበር። የመዘምራን መሪ ባል ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ አፈርኩ። "ጉርሙ ምስክርነት አለው!" ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ጮህኩ፤ ክንዱን ይዤ አስነሳሁት። እሱ ሊያሳፍረኝ ስላልፈለገ ነው የተናገረው። ቤት ስንገባ ኪኒኑን ሽንት ቤት የደፋሁትም በእነዚህ እጆቼ ነው፤ እየዘመርኩ።

ወደ ገመዱ የነዳሁት እኔ ነኝ። አሁን ምን ትዪኛለሽ?

ተስፋነሽ

*

በርገን፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ገመዱን ያወረደውም የእርስዎ እጅ ነው። ያንን አይርሱት። ወደ ገመዱ የነዳቸው ሕመሙ ነው፤ እርስዎ የሳቱት መንገድ ነው። እኔስ? የዚህ ሕመም ተማሪ ሆኜ "ደህና ነኝ" ሲሉኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ስልክ ዘግቻለሁ። ሁለታችንም እንልቀስና ወደ ሥራችን እንመለስ።

ለዶክተሯ አሁኑኑ ደውለው ኪኒኑን አለመዋጣቸውን ይንገሯት። ወደ እሷ ይውሰዷቸው። መድኃኒቱ አልሠራም አይባልም፤ አልተዋጠማ! ምስክርነቱን ግን ማይክሮስኮፕ አያቃናውም። እኔ አይጥ ጠባቂ ነኝ። እሱን ማቃናት የሚችል አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ መቼ መጮህ እንዳለባትም ታውቃለች።

የምትወድዎት ልጅዎ ፈናን

*

ሳጉሬ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለፈናን፣

ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ የሆነ አምላክ ይመስገን። ዘገየሁ፤ ግን ይሄኛው መዘግየት ጥሩ ነው።

ዶክተር ጁወይሪያ መድኃኒቱን እንደገና ሰጠችው፤ አሁን ኪኒኑን ዓይኔ እያየ ይውጣል የሚል ቃል አስገብታው። ከዚያ መጋቢ ኃይለየሱስ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ገመዱንም ስሙንም። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ኪሱ ከትቶ አንድ ብልቃጥ አወጣ። "የግፊት ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ውጬ ነው መድረክ የምወጣው። ይህን ለምእመኑ ሳልነግር መኖሬ የእኔ ጥፋት ነው" አለኝ። ሳምራ ስትሰማ "ታዲያ እኔ ኢንሱሊን ስወጋ ኢማንሽ ሄደ ያለኝ አለ?" ብላ ሳቀችብን።

እሑድ ዕለት የመዘምራን ልብሴን ሳልለብስ ቆምኩ። ባለፈው ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱን የደፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ያን ጊዜ ጉርሙ ማንም ሳይጎትተው ከኋላ ወንበር መጣ። ማይኩን ከእጄ ወሰደ። "በነሐሴ ተፈውሻለሁ ብያችሁ ነበር። አልተፈወስኩም ነበር፤ መፈወስ ፈልጌ ነበር። ልሞትም አስቤ ነበር። አሁን እየታከምኩ ነው፤ አልጨረስኩም። ጌታ ሰምቶኛል፤ የሰማኝ ግን በሐኪም በኩል ነው። ዛሬ ጠዋት ኪኒኔን ውጬ መጥቻለሁ" አለ።

እልል ያለ የለም። ፈራሁ። ስንወጣ ግን አንድ ሽማግሌ ጉርሙን አጥር ጥግ ጎትቶ ስለ ልጁ ጠየቀው። ከዚያ አንዲት ሴት። ማክሰኞ ደግሞ አንድ ሰው ገብስ ላስነክስ ብሎ መጣ፤ ጆንያ አልያዘም።

አንዳንድ ጠዋት አሁንም ይከብደዋል። አልዋሽሽም። ግን አሁን "ዛሬ ከብዶኛል" ይላል፤ እኔም ጥርሱን አሞታል አልልም።

በቀረው ቦታ ላይ ልጻፍ ብሏል፤ እስክሪብቶዬን ነጥቆኛል።

ተስፋነሽሽ

ፈናን ልጄ፣ ጉርሙ ነኝ። አይጥ አልሽኝ አሉ። እሺ፤ የስኳሩን ጠርሙስ አስቀምጪልኝ። ቫይታሚኑን ላኪ፤ ለተስፋነሽ ነው፤ አንቺና እኔ አድክመናታል።

ሰኞ አሰላ ለክትትል ሄደን ነበር። ካርድ ክፍል ወረፋው ረጅም ነው፤ ከሳጉሬ የምናውቃቸው ሰዎች ከኋላችን ቆመዋል። ልጁ ቀና ሳይል "ስም?" አለ። ተስፋነሽ አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት።

"ጉርሙ ዱሬሳ" አልኩት። "ስሜን ጻፍ።"